የተሻሻለ ሞተር የትኛውን ማስተካከያ ይፈልጋል?



በዚህ ዕትም የቴክኖሎጂ ዓምዳችን የምንነጋገረው ስለ መኪና ሞተር ነው። በሜካኒካልና በኤሌክትሪካል ምህንድስና ክፍሎች ያላችሁ ጉዳዩን ለትምህርታችሁ ትፈልጉታላችሁ። ሌሎቻችሁም ብትሆኑ የቤተሰብ መኪና፣ ጋራዥ ያለው ዘመድ ወይም "ተርቦ ብናስገባበትስ?" የሚል ጓደኛ አታጡም። ጥያቄው ይህ ነው፦ ቤንዚኑን በኢንጀክተር የሚረጭ መኪና ሞተሩ ከፋብሪካ ከወጣበት ሁኔታ ሲቀየር፣ የነዳጁን መጠንና የብልጭታውን ጊዜ በምን እናስተካክለው?

ጉዳዩ ለአገራችን ሩቅ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያሉት መኪኖች ረዘም ላለ ጊዜ ማገልገል አለባቸው። ያረጀ ሞተር ይወጣል፣ ከሌላ ሞዴል የመጣ ይገባል፣ ማርሚታው ይቀየራል። በዚህ መሐል "ይህቺን ሳጥን ግጠምባት፣ ትበራለች" የሚል ሻጭ ይመጣል። የተሳሳተ ምርጫ የሚያስከፍለው ግን ከሳጥኑ ዋጋ በላይ ነው። በሙሉ ጉልበት እየሠራ ነዳጅ ያጠረው ሞተር፣ በተለይ ተርቦ ካለው፣ ፒስቶኑን በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ሊያጣ ይችላል።

መልሳችንን ከወዲሁ እንናገር። ከሳጥኑ በፊት ልኬት ይቀድማል። የተደረገውን ለውጥ በሙሉ ከሚሸፍኑት መፍትሔዎች መካከል ትንሹ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለው ነው። የተስተካከለው ሞተር ደግሞ በሚነዳበት ከፍታና በሚቀዳው ቤንዚን መፈተን አለበት። ከዚህ በታች ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ እናያለን።

ኮምፒውተሩ ምን ያያል? ምንስ ያዛል?

የሞተሩ ኮምፒውተር፣ በመካኒኮች አጠራር ኢሲዩ፣ ዓይኑ ሴንሰሮቹ ናቸው። አንዱ የሞተሩን ዙር ይቆጥራል፤ አንዱ የውሃውን ሙቀት፣ ሌላው የሚገባውን አየር ሙቀት ይለካል። የሚገባውን አየር መጠን ለማወቅ ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው አየሩ ሲያልፍ በቀጥታ መለካት ነው። ሁለተኛው በአየር ማስገቢያው ማኒፎልድ ውስጥ ያለውን ግፊት ለክቶ፣ ከዙሩና ከሙቀቱ ጋር አገናኝቶ ማስላት ነው።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ሁለት ነገር ያዛል። አንደኛ፣ ኢንጀክተሩ ስንት ሚሊሰከንድ ተከፍቶ እንደሚቆይ። ሁለተኛ፣ ፒስቶኑ ጫፍ ከመድረሱ ስንት ዲግሪ ቀደም ብሎ ካንዴላው ብልጭታ እንደሚሰጥ። ሁለቱም በማስታወሻው ውስጥ በሠንጠረዥ መልክ ተጽፈዋል። ቱኒንግ ወይም ሪማፕ የሚባለው ሥራ እነዚህን ሠንጠረዦች ከተቀየረው ሞተር ጋር ማስታረቅ ነው።

ተራ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል ለአንድ ግራም ነዳጅ 14.7 ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። መኪናው በዝግታ ሲጓዝ ኮምፒውተሩ በማርሚታው መስመር ላይ ያለውን የኦክስጅን ሴንሰር እያየ ድብልቁን በዚህ ቁጥር ዙሪያ ይጠብቃል። ሙሉ ቤንዚን ሲሰጠው ግን ሴንሰሩን ትቶ በተጻፈለት ሠንጠረዥ ብቻ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ ተርቦ የሌለው ሞተር ከ12.5 እስከ 13፣ ተርቦ ያለው ደግሞ ከ11 እስከ 12 አካባቢ ያለ፣ ነዳጅ የበዛበት ድብልቅ ይፈልጋል። የሚተርፈው ነዳጅ የሲሊንደሩን ውስጥ ያቀዘቅዛል።

አደጋው የሚመጣውም እዚህ ላይ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው የተለመደ የኦክስጅን ሴንሰር ከ14.7 በላይ ነው ወይስ በታች ከማለት ያለፈ የሚነግረን የለም። 11.5 ይሁን 13.5 አይለይም። ስለዚህ በሙሉ ጉልበት ላይ ያለውን ድብልቅ ለማየት ዋይድባንድ የሚባለው ሰፊ ልኬት ያለው ሴንሰር ያስፈልጋል። ያለ እርሱ የተሠራ ማስተካከያ ዓይንን ጨፍኖ እንደ መርፌ ማስገባት ነው።

ምሳሌያችን፦ ማዝዳ ኤምኤክስ-5

ነገሩን በአየር ላይ እንዳንተወው አንድ መኪና እንያዝ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የመጀመሪያው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ሲሆን፣ በአሜሪካ ገበያ ጉልበቱ 116 የፈረስ ጉልበት ነበር። ይህን መኪና የመረጥነው በጃፓን፣ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ባለሙያዎችና ወጣቶች ለሠላሳ ዓመታት ተርቦ ሲያስገቡበት ስለኖሩ፣ ሁሉም የማስተካከያ ዘዴ ተሞክሮበታል። አራት ባሕርያቱን ልብ በሉ። ኮምፒውተሩ ገመድ ሰክቶ እንደገና የሚጻፍ አይደለም። አየሩን የሚለካው በአየሩ ግፊት የምትከፈት መዝጊያ ባለችው መለኪያ ነው፤ መዝጊያዋ እስከ ጥግ ከተከፈተች በኋላ ተጨማሪ አየር ቢገባም ኮምፒውተሩ አያውቅም። የሞተር ማንኳኳትን የሚሰማ ሴንሰር የለውም። ኢንጀክተሮቹም ትናንሽ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በደቂቃ ከ200 ሲሲ ትንሽ ከፍ ያለ ቤንዚን ብቻ ይረጫሉ።

ባለቤቱ በመለስተኛ ተርቦ 180 የፈረስ ጉልበት ፈለገ እንበል። ምን ያህል ነዳጅ ይጠይቃል? ለግምት ያህል ተርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት በደቂቃ 6.3 ሲሲ ያህል ቤንዚን ይወስዳል። 180 በ6.3 ሲባዛ 1,134 ሲሲ ይሆናል። ለአራት ኢንጀክተር ሲካፈል ለእያንዳንዱ 284 ያህል ይደርሰዋል። ኢንጀክተር ደግሞ ያለ ዕረፍት ተከፍቶ መቆየት የለበትም፤ ከጊዜው 85 በመቶው ላይ መቆም ይመከራል። 284ን ለ0.85 ስናካፍል 334 ሲሲ እናገኛለን። የፋብሪካው ኢንጀክተር እንደማይበቃ፣ ቢያንስ የ340 ሲሲ እንደሚያስፈልግ በወረቀት ላይ ታወቀ ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ሳይሠራ ሳጥን የሚሸጥ ሰው ሲያጋጥማችሁ ተጠንቀቁ።

አምስቱ መንገዶች

*1. የፋብሪካውን ኮምፒውተር እንዳለ መተው።* ለውጡ የአየር ማጣሪያና ማርሚታ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምንም መግዛት አያስፈልግም። ኮምፒውተሩ በኦክስጅን ሴንሰሩ እየተመራ በተወሰነ መጠን ነዳጁን ራሱ ያርማል። በዲያግኖስቲክ መሣሪያ የእርማቱን መቶኛ አንብቡ። ከዜሮ ብዙ ካልራቀ ሞተሩ ደህና ነው፤ ገንዘባችሁን ያዙ። ቁጥሩ ወደ 20 ወይም 25 በመቶ ከተጠጋ ግን ኮምፒውተሩ ሊደርስበት ከሚችለው ጥግ ላይ ነው። መጀመሪያ የአየር መሾለክ ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ እንዳለ ይታይ።

*2. የነዳጅ ግፊት መጨመር።* በ1990ዎቹ ለዚሁ መኪና ይሸጡ የነበሩ የተርቦ ዕቃዎች ብዙዎቹ በዚህ ዘዴ ይሠሩ ነበር። ተርቦው ሲነፋ የነዳጁን ግፊት ከፍ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ይገጠማል፤ ትንሹ ኢንጀክተር በዚያው ጊዜ የበለጠ ይረጫል። ርካሽና ቀላል ነው። ችግሩ ፊዚክስ ነው። የሚረጨው መጠን የሚያድገው በግፊቱ ስኩዌር ሩት ነው፤ ነዳጁን በእጥፍ ለመጨመር ግፊቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት። በምሳሌያችን ከ210 ሲሲ ወደ 334 ለመድረስ የተለመደው 3 ባር ወደ 7.6 ባር ገደማ መውጣት ይኖርበታል። ፓምፑም ጎማ ቱቦውም ለዚህ አልተሠሩም። የብልጭታውን ጊዜ ለማዘግየት ደግሞ ሴንሰሩን በእጅ ማዞር ነበር፤ ያ በሁሉም ዙር ላይ እኩል ስለሚያዘገይ መኪናው ተርቦው ባልነፋበት ጊዜም ሰነፍ ይሆናል።

*3. ፒጊባክ።* ይህ በሴንሰሩና በኮምፒውተሩ መሐል ገብቶ መልእክቱን የሚለውጥ ትንሽ ሳጥን ነው። ትልልቅ ኢንጀክተር ሲገጠም "የገባው አየር ትንሽ ነው" ብሎ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል፤ ኮምፒውተሩም ኢንጀክተሩን ለአጭር ጊዜ ይከፍታል፤ ነዳጁ ልክ ይሆናል። እስከዚህ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን ኮምፒውተሩ አየሩ ትንሽ ነው ብሎ ሲያምን ሞተሩ ሸክም እንዳልበዛበት ስለሚቆጥር ብልጭታውን ያስቀድማል። ተርቦ እየነፋ ብልጭታ ሲቀድም ሞተሩ ያንኳኳል፤ ማንኳኳት ሲደጋገም ፒስቶን ይሰበራል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይሄዳል። የተሻሉት ፒጊባኮች ብልጭታውንም ይቆጣጠራሉ። ከእነርሱም ቢሆን በዝግታ ጉዞ ላይ ኮምፒውተሩ በኦክስጅን ሴንሰሩ እየተመራ የሠሩትን መልሶ ያፈርሳል። ፒጊባክ ዋናውን ኮምፒውተር መንካት በማይቻልበትና ለውጡ ትንሽ በሆነበት ቦታ ይጠቅማል፤ ከዚያ ባለፈ ግን ለሚዋሽ አስተርጓሚ ደመወዝ መክፈል ነው።

*4. ሪማፕ።* የፋብሪካው ኮምፒውተር ባለበት ቆይቶ ሠንጠረዦቹ ብቻ በገመድ እንደገና ይጻፋሉ። ለብዙ ዘመናዊ መኪኖች የመጀመሪያው ምርጫ ይህ ነው፤ ለኋለኞቹ የኤምኤክስ-5 ትውልዶችም እንደ ኢኩቴክ ያሉ ሶፍትዌሮች አሉ። ትልቁ ጥቅሙ ፋብሪካው ብዙ ጊዜ የደከመበት ነገር ሁሉ መትረፉ ነው፦ የጠዋት ቅዝቃዜ አነሣሥ፣ ሚኒሞ፣ የኤሲ መቆጣጠሪያ፣ የዳሽቦርድ መብራቶች፣ የማንኳኳት ጥበቃ። ገደቡም አለው። ኮምፒውተሩ ለዚህ ክፍት መሆን አለበት፤ ሴንሰሮቹም የሚመጣውን መለካት መቻል አለባቸው። ለምሳሌ ተርቦ ለሌለው ሞተር የተሠራ የግፊት ሴንሰር ከባሕር ወለል የአየር ግፊት ብዙም ያለፈ አያነብም፤ ተርቦ ሲገባ እርሱም ተቀይሮ በሠንጠረዡ ውስጥ መታወቅ ይኖርበታል።

*5. ስታንድአሎን።* የፋብሪካው ኮምፒውተር ወጥቶ ሙሉ በሙሉ የሚታዘዝ ሌላ ይገባል። የአውስትራሊያዎቹ ሞቴክና ሃልቴክ፣ የኒው ዚላንዱ ሊንክ በዚህ መስክ የታወቁ ስሞች ናቸው። ለተማሪ ቅርብ የሆነው ግን ሜጋስኩዊርት ነው። ብሩስ ቦውሊንግ እና አል ግሪፖ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ገዢው ራሱ በብየዳ የሚገጣጥመው ዕቃ አድርገው አወጡት። የመጀመሪያው ነዳጅን ብቻ ይቆጣጠር ነበር፤ ተከታዮቹ ብልጭታንም ጨመሩ። በአርዱይኖ ላይ የተመሠረተው ስፒዱይኖም ንድፉና ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ምቹ ነው።

ስታንድአሎን ነፃነት ይሰጣል፤ ኃላፊነቱንም አብሮ ያሸክማል። ፋብሪካው የጻፈው ሁሉ ጠፍቷልና እያንዳንዱን እናንተ ትጽፋላችሁ። ሙሉ ጉልበቱን በአንድ ቀን ማስተካከል ይቻላል። የጠዋት አነሣሡን ለማስተካከል ግን ሞተሩ በእውነት የቀዘቀዘበት ሙከራ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል። ስለዚህ "ሰኞ ገጥሜ ማክሰኞ እነዳዋለሁ" የሚባል ነገር የለም። በፋብሪካው ሶኬት ላይ ቀጥታ የሚሰካና የመነሻ ሠንጠረዥ ያለው ሞዴል ከተገኘ ሽቦ ከመቁረጥ ያድናል።

ታዲያ ለምሳሌያችን መኪና የቱ ይሻላል? ሪማፕ አይቻልም። የአየር መለኪያው ጥግ ስለሚደርስ ፒጊባክ የሚያስተላልፈው እውነተኛ መልእክት አይኖረውም። የነዳጅ ግፊቱም በሒሳብ ወድቋል። የቀረው ስታንድአሎን ነው፤ ማኒፎልድ ግፊትን የሚለካ ስለሆነ የአየር መለኪያው ችግር ራሱ ይወገዳል። ያው ባለቤት የኋለኛው ትውልድ መኪና ቢኖረው ኖሮ መልሱ ሪማፕ በሆነ ነበር። ተርቦውን ትቶ ማርሚታ ብቻ ቢቀይር ደግሞ ምንም ባልገዛ። አንድ ዓይነት መኪና ሦስት ትክክለኛ መልስ አገኘ ማለት ነው፤ ጓደኛ የገጠመውን አይቶ መግጠም የማይሠራው ለዚህ ነው።

ከፍታ፦ የእኛ አገር ልዩ ጉዳይ

እስካሁን ያልነው በየትኛውም አገር ይሠራል። አሁን በደጃችን ወዳለው እንምጣ። ስለ ሞተር ማስተካከል የሚጻፈው አብዛኛው ነገር በባሕር ወለል አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች የጻፉት ነው። በባሕር ወለል የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው። አዲስ አበባ በ2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ግፊቱ ወደ 76 ይወርዳል። ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ የሚያገኘው አየር በባሕር ወለል ከሚያገኘው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ጉልበቱም እንደዚያው። ስለዚህ "መኪናዬ ደከመች፣ ሪማፕ ታድናት" የሚል ወንድም ይህን ይወቅ፦ የሌለ አየር በሶፍትዌር አይመጣም። የጠፋውን አየር የሚመልሰው ተርቦ ነው፤ ሪማፕ ያለውን አየር በአግባቡ መጠቀም ብቻ ነው የሚችለው።

ከዚህ የሚከፋው ግን ቁልቁለቱ ነው። ማኒፎልድ ግፊትን በሚለካ ኮምፒውተር ውስጥ የነዳጁ ሠንጠረዥ በአንድ በኩል ዙር፣ በሌላ በኩል ግፊት አለው። ተርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ቤንዚኑ እስከ ወለል ቢረገጥ እንኳ ከ76 ኪሎፓስካል ብዙም አያልፍም። በዚህች ከተማ የሚያስተካክል ባለሙያ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ከ80 እስከ 100 ያሉትን ረድፎች በልኬት ሊደርስባቸው አይችልም፤ በግምት ይሞላቸዋል። ከዚያ ባለቤቱ ቤተሰቡን ጭኖ ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ግፊቱ 90 ይሆናል፤ አየሩ ይሞቃል፤ መንገዱ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። ሞተሩ ማንም ያልፈተሻቸውን ረድፎች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠቀመው በሙቀትና በሙሉ ሸክም ነው። ግምቱ ከተሳሳተ የሚታወቀው እዚያ፣ ከጋራዥ ርቆ ነው።

የነዳጁን መጠን በቤንዚን መርገጫው አከፋፈት ብቻ የሚያሰላ አሠራር ከተመረጠ ደግሞ አደጋው ይብሳል። ከ76 ወደ 101 ሲወረድ አየሩ በሲሶ ይጨምራል። ኮምፒውተሩ የውጭውን የአየር ግፊት የሚያነብበት ሌላ ሴንሰር ከሌለው ነዳጁን አይጨምርም፤ ሞተሩ ነዳጅ አጥሮት ይሠራል። በተቃራኒው ጅቡቲ ላይ በዚህ ዘዴ የተስተካከለ መኪና አዲስ አበባ ሲደርስ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈናል።

ተርቦስ? ቀላሉ የተርቦ ግፊት መቆጣጠሪያ የሚሠራው በውጭው አየር ላይ የሚጨመረውን እየገደበ ነው። ጭማሪው 50 ኪሎፓስካል፣ ማለትም ግማሽ ባር ይሁን እንበል። አዲስ አበባ ላይ ማኒፎልዱ ውስጥ 126 ይሆናል፤ አዋሽ ላይ 140፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ 151። የዳሽቦርዱ ጌጅ በሦስቱም ቦታ ያንኑ ግማሽ ባር ያሳያል፤ ፒስቶኑ ግን የሚሸከመው የተለያየ ነው። ኢንጀክተርም ሲመረጥ ሒሳቡ መኪናው በሚደርስበት ዝቅተኛ ቦታ ይሠራ።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ያልተፈተሹት ረድፎች ነዳጅ ጨመር፣ ብልጭታ ዘግየት ተደርጎ ይሞሉ። ከዚያ ዋይድባንድ እንደተገጠመ፣ ልኬቱን የሚመዘግብ ላፕቶፕ ተይዞ፣ በአዳማ በኩል ቀስ እየተባለ ይወረድ። ላፕቶፑን የሚያየው ሁለተኛ ሰው እንጂ ሾፌሩ አይደለም። የተመዘገበው ከታየ በኋላ ሠንጠረዡ ይታረማል።

ቤንዚኑም ከዚህ ጋር ይታያል። ከውጭ በኢንተርኔት የሚገዛ የሪማፕ ፋይል ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው በአገሩ ማደያ ለሚገኝ ነዳጅ ነው። ለምሳሌ በዱባይ ማደያዎች 95 እና 98 ኦክቴን ይሸጣል። ለ98 የተጻፈ የብልጭታ ሠንጠረዥ ኦክቴኑ ዝቅ ባለ ቤንዚን ላይ ማንኳኳት ያመጣል። መኪናው የሚስተካከለው ሁልጊዜ ከሚቀዳው ማደያ በተቀዳ ቤንዚን ይሁን።

የሚያስተካክለው ሰው

ከሳጥኑ ምርት ስም ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው የሚያስተካክለው እጅ ነው። መካከለኛ ኮምፒውተር በጥንቁቅ ባለሙያ እጅ፣ ውድ ኮምፒውተር በግዴለሽ እጅ ከገባው የተሻለ ሞተር ይሠራል። ስለዚህ ሳጥን ከመግዛታችሁ በፊት የሚያስተካክልላችሁን ሰው ፈልጉ፤ እርሱ የለመደውን ግዙ። ማንም በአካባቢያችሁ የማያውቀው ሶፍትዌር የቱንም ያህል ቢመሰገን ለእናንተ አይሆንም። ባለሙያውን እነዚህን ጠይቁት፦

— የፋብሪካውን ፋይል ሳትነካ በፊት ቅጂ ታስቀምጥልኛለህ ወይ?
— ድብልቁን በዋይድባንድ ትለካለህ ወይስ በድምፅና በሽታ?
— ማንኳኳቱን በምን ትሰማለህ?
— ሥራው ሲያልቅ የተመዘገበውን ልኬትና የመጨረሻውን ፋይል ትሰጠኛለህ?
— ወደ ቆላ ስወርድ ምን ይሆናል?

የመጨረሻዋን ጥያቄ ሰምቶ ስለ ግፊትና ስለ ሠንጠረዥ የሚያስረዳችሁ ባለሙያ ሥራውን ያውቃል። "አታስብ" ብሎ የሚያልፋት ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ገንዘቡ በምን ቅደም ተከተል ይውጣ?

የተማሪ ኪስ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይጠቅማል። መጀመሪያ የሞተሩ ጤንነት ይታይ፦ የሲሊንደሮቹ ኮምፕሬሽን ይለካ፣ ካንዴላዎቹ ይታዩ፣ አየርና ውሃ የሚያሾልክ ቦታ ይዘጋ። የታመመ ሞተር በቱኒንግ አይድንም፤ ሞቱ ይፋጠናል እንጂ። ሁለተኛ ዋይድባንድ ይገዛ። ሦስተኛ ነዳጁ፦ ፓምፑ በቂ መሆኑ ይረጋገጥ፣ ኢንጀክተሩ በሒሳብ ይመረጥ። አራተኛ ኮምፒውተሩ ወይም ሪማፑ። አምስተኛ ለባለሙያው ሥራ የሚሆን ገንዘብ ከመጀመሪያው ተለይቶ ይቀመጥ። ብዙዎች ገንዘባቸውን ሁሉ በተርቦውና በሳጥኑ ላይ ጨርሰው ለማስተካከያው ሲደርሱ ባዶ ይሆናሉ። በዚህ መሐል መኪናዋ በመነሻ ሠንጠረዥ ብቻ ትነዳለች። ሞተር በብዛት የሚበላሸው በዚህ ጊዜ ነው።

የሌሎች ሐቅ

መኪናው የእኛ ቢሆንም ጭሱ የጎረቤትም ነው። ጉልበት ለማግኘት ተብሎ የማርሚታውን ካታሊስት ማውጣት፣ ከዚያ የሞተር መብራቱን በሶፍትዌር ማጥፋት በየቦታው የሚታይ ልማድ ሆኗል። ካታሊስቱ የሚሠራው ካርቦን ሞኖክሳይድንና ሌሎች መርዛማ ጋዞችን ለመቀነስ ነው፤ በመንገድ ዳር ሻይ የሚሸጡ እናቶችና ትምህርት ቤት የሚሄዱ ሕፃናት የሚተነፍሱት ያንኑ አየር ነው። ተዘግቶ እንደሆነ በሚሠራ ይተካ። መብራቱን ያለ ጥገና ማጥፋት ደግሞ ሕመምን ደብቆ መኖር ነው።

መኪናው ሲሸጥም እንዲሁ። የተቀየረው ዕቃ፣ የተጻፈው ፋይል፣ የተስተካከለበት ከፍታና ቤንዚን ለገዢው ይነገረው፤ የፋብሪካው ፋይል ቅጂም አብሮ ይሰጠው። በዕቃ ላይ ያለን ዐይብ ገልጦ መሸጥ ሁላችንም ያደግንበት ሥርዓት ነው። ሳያውቅ የገዛው ሰው ሳምንት ሳይሞላው ቤተሰቡን ይዞ ወደ ድሬዳዋ ሊወርድ ይችላል።

እንግዲህ ከጓደኞቻችሁ አንዱ "የትኛውን ሳጥን ልግዛ?" ብሎ ሲጠይቃችሁ መልሳችሁ በጥያቄ ይጀምር፦ ምን ቀየርክ? ኮምፒውተሩ ይጻፋል ወይ? ኢንጀክተሩን አሰላህ ወይ? ማን ያስተካክልልሃል? የት የት ትነዳዋለህ? እነዚህን አምስቱን ከመለሰ የሳጥኑ ስም ራሱ ይወጣል። አንዳንዴም ምንም ሳጥን እንደማያስፈልገው ያውቃል፤ ያ ከሁሉም ርካሹ መልስ ነው።

በቀጣዩ ዕትም በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ኢንሻአላህ፤ ወሰላሙ ዓለይኩም።